«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከከሚሴ እስከ ቆቦ በፖስታ ማዟዟር፦ ዙሩ፣ እሽጉና የንባብ ደብተሩ

ጦሳ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት ለሚጀመረው የንባብ ዙር የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመርጧል። መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ከ500 ገጽ በላይ ነው። ብዙ ሰው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ያውቀዋል እንጂ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ጥቂት ነው። አንባቢዎቹ 9 ናቸው፦ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ወረኢሉ፣ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወልዲያ፣ ቆቦና ላሊበላ፣ ከየቦታው አንድ አንድ።

ስሌቱ ይህ ነው። በቀን 25 ገጽ ለሚያነብ ሰው መጽሐፉ ከ3 ሳምንት ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ለንባብ 24 ቀን፣ አስተያየት ለመጻፍና ለመላክ 4 ቀን፣ በድምሩ ለአንድ ሰው 28 ቀን። አንድ ቅጂ ብቻ ቢዞር 9 ጊዜ 28፣ 252 ቀን ይሆናል። ከ8 ወር በላይ ነው፤ የመጀመሪያው አንባቢ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ዝርዝሩን ረስቶት ይቆያል። በ2 ቅጂ ግን አንዱ ለ4፣ ሌላው ለ5 አንባቢ ስለሚዞር ዙሩ በ140 ቀን ያልቃል። ጥቅምት 1 ከተጀመረ የካቲት 20 አካባቢ ማለት ነው፤ የበልግ ዝናብ ሳይበረታ።

የደቡቡ ቅጂ፦ ወረኢሉ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ። የሰሜኑ፦ ላሊበላ፣ ቆቦ፣ ወልዲያ፣ መርሳ፣ ሐይቅ። ወረኢሉና ላሊበላ ከዋናው መንገድ ወጣ ያሉ በመሆናቸው መነሻ ተደርገዋል፤ መሐል ላይ ቢገቡ መጽሐፉ አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ላሊበላ በጥቅምት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ታኅሣሥ ለገና መንገዱም መኪናውም በምእመናን ይጨናነቃል።

እሽጉንና ደብተሩን የምታውቁ ቀጥሉበት።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ስለ እሽጉ ልጀምር። መጽሐፍ በመንገድ የሚጎዳው በማዕዘኑና በጀርባው ነው። ማዕዘኑ የሚደቀቀው እሽጉ ሲወረወር ነው፤ ጀርባው የሚሰበረው ደግሞ ከላዩ ከባድ ዕቃ ሲጫን። ካኪ ፖስታ ብቻውን ከሁለቱም አያድንም።

መጀመሪያ መጽሐፉን በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልሉ፤ አፉ ወደ ታች ይታጠፍ። ከዚያ ከካርቶን ሁለት ቁራጭ ቁረጡ፣ ከመጽሐፉ በየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ። ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር ናት ማዕዘኑን የምታድነው፤ ሲወድቅ ዱላው ካርቶኑ ላይ ያርፋል። ካርቶኑ ከላይና ከታች ይሁንና በሲባጎ መስቀለኛ ይታሰር። ሲባጎው መጽሐፉን በቀጥታ እንዳይነካ፤ ከጠበቀ የገጾቹን ጠርዝ ይቆርጣል። በመጨረሻ ካኪ ወረቀት ይልበስ።

ደብተሩን መጽሐፉ ውስጥ አትክተቱት። በገጾቹ መሐል የገባ ደብተር ሽፋኑን ያስነሣና የጀርባውን ሙጫ ይከፍላል። ጎን ለጎን፣ በካርቶኑ ውስጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛ።

የላኪና የተቀባይ አድራሻ ከውጭ ብቻ አይበቃም፤ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ላስቲኩ ውስጥም ይግባ። ውጪው ቢቀደድ ወይም ቀለሙ ቢፈስ ፖስታ ቤቱ ከፍቶ ባለቤቱን ያገኘዋል። የውጪው አድራሻ በእስክሪብቶ ከተጻፈ በላዩ ግልጽ ፕላስተር ይለጠፍበት።

የጁ (ወልዲያ)

ቦርከና በጻፈችው ላይ አንድ ነገር፦ ፖስታ ቤት ከመድረሳችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ አትለጥፉት። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ውስጡን ማየት ሊፈልግ ይችላል። ፕላስተሩንና መቀሱን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ዝጉት።

በተራ ፖስታ አትላኩ። ሬኮማንዴ ይሁን፤ የመዝገብ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይሰጣችኋል። የደረሰኙን ፎቶ በዚያው ቀን ለተቀባዩ ላኩለት። ቁጥሩ ከሌለ «ደርሷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ በምን ይፈለጋል?

ተቀባዩ ሲሄድ መታወቂያ ይጠየቃል። ስለዚህ በእሽጉ ላይ የሚጻፈው ስም እስከ አያት፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን። የቤት ስም፣ የሰፈር ስም፣ እዚህ መድረክ ላይ የምንጠቀምበት ስም አይሠራም። አድራሻው ፖ.ሣ.ቁ. ነው፤ የግል ሣጥን የሌለው አባል የመሥሪያ ቤቱን ወይም የትምህርት ቤቱን ሣጥን ሲጠቀም «በእገሌ መሥሪያ ቤት በኩል» ተብሎ ይጻፍ፣ ሣጥኑን የሚከፍተው ሰውም አስቀድሞ ይነገረው። ሳይነገረው የቀረ ሰው እሽጉን ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ ይረሳዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፦ ለኅትመት ውጤት የተለየ ዋጋ ካለ በእጅ የተጻፈ ደብተር ሲጨመርበት መደቡ ሊለወጥ ይችላል። ዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ የግል ደብዳቤ ያለበትን እሽግ ከኅትመት ውጤት ይለየዋል። ደብተር መኖሩን በግልጽ ተናግራችሁ ክፈሉ።

ራያ (ቆቦ)

ለምን ፖስታ? ከወልዲያ ቆቦ መኪና በየሰዓቱ አለ። ለረዳቱ ተሰጥቶ በዚያው ቀን ይደርሳል።

የጁ (ወልዲያ)

@ራያ ለአጭር መንገድ ይሆናል፣ አልቃወምም። ሆኖም መስፈርት ይኑረው። የመኪናው ታርጋ፣ የሹፌሩ ስልክና የተነሣበት ሰዓት ለተቀባዩ ወዲያው ይላክ። እሽጉ ፖርቶ መጋላ ላይ አይውጣ፤ እዚያ ላይ ከዘይት ጀሪካንና ከእህል ጆንያ ጋር ነው የሚታሰረው። ከፊት ወንበር አጠገብ ወይም ረዳቱ እጅ ይሁን። ተቀባዩም መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቅ እንጂ «ነገ እወስደዋለሁ» አይባልም፤ መኪናው በማግሥቱ ሌላ መስመር ሊወጣ ይችላል።

መኪና መቀየር ላለበት መንገድ ግን ፖስታ ይሻላል። ከላሊበላ ቆቦ በጋሸና በኩል ወልዲያ ወርዶ ነው፤ ወልዲያ ላይ ከአንዱ ረዳት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ወረኢሉ

የማንበብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉ ያለበት ሁኔታ ይመዝገብ። ሽፋኑ ምን ይመስላል፣ የለቀቀ ገጽ አለ ወይ፣ ቀድሞ የተሰመረበት አለ ወይ። ተቀባዩ እሽጉን በከፈተ ሰዓት ይህን አይቶ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ። መዝገቡ ለክስ አይደለም፤ የሚጠገነው ነገር ገና ትንሽ ሳለ እንዲታይ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወረኢሉ ትክክል ነው። በተለይ ይህን ያህል ወፍራም ሆኖ በክር ያልተሰፋ፣ በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ጥራዝ ከሆነ። ሙጫው በብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ በሙቀት ይላላል። ወረኢሉና ደሴ ብርድ ናቸው፣ ቆቦ ሞቃት ነው፤ ሁለቱም ቅጂዎች በ140 ቀን ውስጥ ብርዱንም ሙቀቱንም ያያሉ።

ስለዚህ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በመዳፍ አትጫኑት። ግማሽ ያህል ተከፍቶ፣ ከሁለቱ ሽፋኖች ሥር የታጠፈ ጨርቅ ተደርጎ ይነበብ። ከብርድ አገር ሲደርሳችሁ ከእሽጉ አውጥታችሁ ሳትከፍቱት ግማሽ ቀን ቤት ውስጥ ይዋል።

ገጽ ከለቀቀ ስኮች አትለጥፉ። ስኮች ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወደ ጽሑፉ ይገባል፣ ሲነሣም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ነጭ ኮላ በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ በለቀቀው ገጽ የውስጥ ጠርዝ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር በማይሰፋ መስመር ይቀባ። ገጹ ወደ ቦታው ይግባ፣ ግራና ቀኙ የላስቲክ ቁራጭ ይደረግበት፤ ያለዚያ ጎረቤት ገጾች አብረው ይጣበቃሉ። ከላዩ ከባድ ነገር ተጭኖ ይደር። የተቀደደ ገጽ ከሆነ ስስ ወረቀት በዱቄት ሙጫ ይለጠፍበት፦ 1 እጅ የስንዴ ዱቄት በ5 እጅ ውኃ፣ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል፣ ቀዝቅዞ በስሱ ይቀባል። የዱቄት ሙጫ በእርጥብ ቤት ሻጋታና በረሮ ይጠራልና ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ መጽሐፉ አይዘጋ።

በስቴፕለር ማያያዝ ፈጽሞ አይሞከር። ሽቦው ይዝጋል፣ ገጹንም ከዚያው መስመር ላይ ይቀደዋል።

ሐይቅ ዳር

ዝናብ ቢያገኘውስ? በበጋም ቢሆን ደሴ ላይ ደመና መሬት ወርዶ የሚውልበት ቀን አለ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጠርዙ ብቻ ከራሰ በየ10 ገጹ ንጹሕ ሶፍት ወይም ያልታተመበት ወረቀት አስገቡ፤ ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ አቁሙት። ሶፍቱ ሲርስ ይቀየር። ፀሐይ ላይ ማስጣት ገጹን ያጨማድዳል፣ ሽፋኑንም ያጣምማል። ጊዜው ወሳኝ ነው፤ በ2 ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል። ጠርዙ ሲደርቅ ለሁለት ቀን ክብደት ይጫንበት፣ ገጾቹ ይስተካከላሉ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፤ አንድ ሁለቱ እሽጉ ውስጥ ቢገቡ ይጠቅማሉ።

ቃሉ (ከሚሴ)

እሽጉ ተብራርቷል። አሁን ዋናው ነገር ደብተሩ ነው። መጽሐፍ ብቻ ቢዞር ከመዋዋስ አይለይም። እስካሁን በየቦታው የሚታየው የንባብ ደብተር ችግር አንድ ዓይነት ነው፦ አንባቢው መጽሐፉን ይጨርስና በመጨረሻው ቀን «በጣም ደስ የሚል መጽሐፍ ነው፣ አስለቅሶኛል» ብሎ ይልካል። ቀጣዩ ሰው በዚህ ላይ ምን ይመልሳል? አስተያየት የሚጻፈው በንባቡ መሐል፣ ስሜቱ ትኩስ ሳለ፣ ከቦታው ጋር ተያይዞ ነው።

አሠራሩን እንዲህ ብናደርገው። ባለ 50 ሉክ ደብተር 100 ገጽ አለው። በአንባቢ አትከፋፍሉት፤ በታሪኩ ማረፊያ ይከፈል። ለዚህ መጽሐፍ 4 ማረፊያ ይበቃል፦

አንደኛው፣ የበዛብህ ወላጆች የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ታሪክ፣ የበዛብህም ልጅነት እስኪያበቃ።
ሁለተኛው፣ በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ማስተማር ከጀመረ በኋላ።
ሦስተኛው፣ ፊታውራሪና ገበሬዎቹ የተጋጩበት ክፍል ሲያልቅ።
አራተኛው፣ ፍጻሜው።

ለእያንዳንዱ ማረፊያ 22 ገጽ፣ 88 ገጽ ሄደ። የቀረው 12 ገጽ ለቃላት መፍቻና ወረኢሉ ላነሣው የመጽሐፉ ሁኔታ መዝገብ። በሰሜኑ ዙር 5 አንባቢ ስላለ በየማረፊያው ለአንድ ሰው 4 ገጽ ይደርሰዋል፤ ለራሱ ሐሳብም፣ ከፊቱ ለጻፈው ሰው መልስም ይበቃል።

ያልተደረሰበት ክፍል በክሊፕ ይያዝ። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ያለ ሰው ሁለተኛውን ክፍል ይከፍታል፤ መጀመሪያ የራሱን ይጽፋል፣ ከዚያ የሌሎቹን ያነባል፣ ከዚያ ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የሌላውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ሳያውቀው የዚያን ሰው ሐሳብ ነው የሚደግመው።

ላስታ (ላሊበላ)

ክሊፑ አስፈላጊ አይመስለኝም። የዚህ መጽሐፍ ፍጻሜ ከርዕሱ ጀምሮ የተነገረ ነው፣ በሬዲዮም አገር ሰምቶታል። የሚደበቅ ነገር የለውም።

ቃሉ (ከሚሴ)

@ላስታ የክሊፑ ሥራ ፍጻሜውን መደበቅ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ስሜት መጠበቅ ነው። ከመጽሐፉ ሰዎች ጉዱ ካሣን ውሰድ። ሦስተኛውን ማረፊያ ያነበበ ሰው ስለ ጉዱ ካሣ የሚጽፈው ሁሉ «ልክ ነበር» በሚል መንፈስ ነው። ገና ሲተዋወቀው ግን ብዙ አንባቢ እንደ አካባቢው ሰው «ይህ ሰው ምን ሆኗል?» ይላል። ያ የመጀመሪያ ጥርጣሬ በወረቀት ላይ ካልቀረ በኋላ አይገኝም፤ ውይይቱን የሚያሞቀውም እሱ ነው።

ላስታ (ላሊበላ)

ይህ ያሳምናል። እንግዲያው አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ጉዱ ካሣ። ብዙ አስተያየት እሱን የደራሲው አፍ አድርጎ ያያዋል፣ ከአንደበቱ የወጣውን ሁሉ ያደንቅና ያበቃል። ከዚያ ይልቅ «ማን ሰማው? ንግግሩ የማንን ሥራ ለወጠ?» ተብሎ ይጠየቅ። በታሪኩ ውስጥ የፊታውራሪን ሥልጣን በተግባር የገታው የጉዱ ካሣ ክርክር ነው ወይስ በአበጀ በለው የተመሩት ገበሬዎች? ይህን ጥያቄ ሦስተኛው ክፍል አናት ላይ ጽፌ ብልከው ሰው ሁሉ ከዚያ ይነሣል።

ሰብለ ወንጌልም እንዲሁ። «ታሳዝናለች» ተብላ አትታለፍ። አባቷ በዘር አይመጥኑንም እያለ ጠያቂዎቿን ሁሉ ሲመልስ ዕድሜዋ አለፈ፤ ከበዛብህ ጋር የተገናኘችው በዚያ ምክንያት ነው። የፍቅሩ ታሪክና የዘር ኩራቱ ታሪክ አንድ ገመድ ነው። በኋላ ላይ ደግሞ ከቤት ወጥታ መንገድ የምትጀምረው እሷ ናት። በታሪኩ ውስጥ ራሷ የምትወስነውና ሌላ የሚወስንላት የትኛው እንደሆነ ተለይቶ ቢጻፍ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ወረኢሉ

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል። ሰብለ ወንጌልን እየጠበቀ ስለ ቦጋለና ስለ ውድነሽ ትዳር ሲያነብ «መቼ ነው የሚጀምረው» ይላል። አትዝለሉት። ወላጆቹ ስለ በዛብህ የገቡት ብፅዓት (ለእግዚአብሔር የተሳሉት ስለት) እዚያ ነው ያለው፤ በኋላ ከሰብለ ጋር ሲቀራረብ ውስጡን የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ያን የዘለለ ሰው በዛብህን ፈሪ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ለመጀመሪያው ማረፊያ በቀን 25 ገጽ ከከበደ 15 ይሁን፣ ወደ ኋላ ታሪኩ ራሱ ስለሚስብ ይካካሳል።

ራያ (ቆቦ)

12ቱ ገጽ ላይ የቃላት መፍቻው በማን ይሞላ? መጽሐፉ የጎጃም ነው፤ የቅኔ ቤት፣ የዲማ፣ የድብትርና ሕይወት ብዙ አለው።

ቃሉ (ከሚሴ)

እዚህ ላይ ነው የወሎ ዙር የሚያምረው። ከመካከላችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈም አለ፣ በመድረሳ ያለፈም አለ። ቅኔ ቤት ምን እንደሆነ፣ ዳዊት መድገም ምን እንደሚጠይቅ፣ ብፅዓት ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ ለከሚሴና ለቆቦ አንባቢ ላስታ በ5 መስመር ቢያስረዳ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጣል። እኛ ዘንድ ደረሳ ከአገሩ ወጥቶ ከሼህ ሼህ እየዞረ ኪታብ እንደሚቀራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የበዛብህን የተማሪነት ኑሮ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው፤ ያንንም ይጻፈው። ያልገባው ቃል ያለ ሰው ቃሉንና ማረፊያውን ይጻፍ፣ ከጎኑ ባዶ መስመር ይተው። የሚያውቀው ይሞላዋል።

ማረፊያውን እንጂ የገጽ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። ሁለቱ ቅጂዎች የተለያየ ጊዜ ኅትመት ከሆኑ ገጹ አይገጥምም። ምዕራፉና የትዕይንቱ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል።

ሐይቅ ዳር

መጽሐፉ ላይ ማስመርስ?

ወረኢሉ

በእርሳስ፣ ያውም በጠርዙ ላይ ቀጭን ቁም መስመር ብቻ። ቃል ሥር ማስመር የቀጣዩን ዓይን ይጎትታል። እስክሪብቶ ወደ ጀርባ ገጽ ያልፋል፣ ደማቅ ማርከር ደግሞ አይለቅም። የገጽ ጫፍ ማጠፍም ይቅር፤ በተደጋጋሚ የታጠፈ ጫፍ ተቆርጦ ይወድቃል። የወረቀት ዕልባት አብሮት ይዙር።

ጦሳ (ደሴ)

የጊዜ ሰሌዳው ላይ ሁለት ማስተካከያ። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ዙሩ ውስጥ የሚገባበት ዓመት አለ። ተራው በረመዳን የሚውል ሙስሊም አንባቢ ከፈለገ ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ይለዋወጥ፤ ለምሳሌ ከሚሴና ኮምቦልቻ። ልውውጡ ግን ዙሩ ሳይጀመር ይነገር፤ መሐል ላይ ሲሆን አድራሻ ይምታታል።

ሁለተኛ፣ ያልጨረሰ ሰው ምን ያድርግ? 28 ቀን ሲሞላ 7 ቀን መጨመር ይችላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ማረፊያ ጽፎ ይላክ። ግማሽ አንብቦ ሁለት ማረፊያ በደንብ የጻፈ ሰው ሁሉንም አንብቦ አንድ መስመር ከጻፈው ይልቅ ለዙሩ ይጠቅማል።

ላስታ (ላሊበላ)

ሁለቱ ደብተሮች መጨረሻ ላይ የት ይገናኛሉ?

ጦሳ (ደሴ)

የደቡቡ ከሚሴ ላይ፣ የሰሜኑ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የደቡቡ ዙር 4 ሰው ስለሆነ በ112 ቀን፣ ማለትም ጥር 22 አካባቢ ያልቃል፤ ያኔ የደቡቡ ደብተር ብቻውን፣ ያለ መጽሐፉ፣ ከሚሴ ላይ ለፖስታ ተሰጥቶ ወደ ሐይቅ ይሂድ። ሐይቅ ዳር መጽሐፉን ሲያነብ ሁለቱንም ደብተር ማረፊያ በማረፊያ እያመሳከረ፣ የተለያየንባቸውን ቦታዎች በአንድ ገጽ ያወጣል። የፊት ለፊት ውይይቱ በዚያ ገጽ ላይ ነው የሚካሄደው፣ ደሴ፣ ለሁሉም መሐል ስለሆነ። ቀኑን የካቲት ላይ እንወስናለን።

እስከዚያ ግን እያንዳንዱ ሰው ደብተሩን ከመላኩ በፊት የጻፈበትን ገጽ በሙሉ በስልክ ፎቶ ያንሣ። በቀን ብርሃን፣ ደብተሩ ጠፍጣፋ ተደርጎ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ፤ የስልኩ ጥላ ገጹ ላይ እንዳያርፍ መስኮቱ ከጎን ይሁን። መጽሐፉ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ ደብተሩ ግን ሌላ ቅጂ የለውም።

ሐይቅ ዳር

እሺ፣ ማመሳከሩን እወስዳለሁ። ለሁለቱ ደብተሮች የተለያየ ቀለም ሽፋን ይደረግላቸው፣ የማረፊያዎቹም አርዕስት በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ከመነሻው ይጻፍ። ወረኢሉና ላስታ፣ መስከረም ሳያልቅ ሙሉ ስማችሁንና ፖ.ሣ.ቁ. ለጦሳ በውስጥ መስመር ላኩለት፤ እዚህ ክሩ ላይ አትለጥፉት።